የቦንዱ ብልጫና ቀድማኝ ኮሶዬ የገባችው ሣጥን

የማይከፈል ግብር እንዳለ የነገረኝ አንድ ቀጭን ሰው ነው። ቅጥነቱን ማንሣቴ ለሐሜት አይደለም፤ ከዚያ ሁሉ የወረቀት ክምር ጀርባ ተቀምጦ እንዴት ይታይ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል። ደግ ሰው ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግ ሰው ያጋጠመው ደግሞ ወዮለት። ክፉ ቢሆን ረግሞት ይወጣል፤ ደግ ሲሆን ግን ያስረዳል፣ ደግሞ ያስረዳል፣ ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ያን ጊዜ ጎንደር ገበያ ቅቤ እሸጥ ነበር። ልጄ አንጓች ኮሶዬ ተድራ፣ ከባሏ ጋር በደባርቅ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፍታ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጅ በእናት እጅ ነው የሚወለድ። እኔ የመጀመሪያዬን ስወልድ እናቴ ሩቅ አገር ነበረች፤ ልጁም አላደገልኝ። ስለዚህ ብዙ አልናገርም። ብቻ ለአንጓች «ምጥሽ ሳይመጣ እኔ እመጣለሁ» ብዬ ቃሌን ሰጥቻታለሁ።

ኮሶዬ እንደሆነ ቅርብ ነው። ድሮ ቢሆን ነጠላን አጣፍቶ ማኪና ላይ መውጣት ነበር። ያን ጊዜ ግን ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀ መንበሩ ቀና ብሎም ሳያየኝ «መጀመሪያ የግብር ክሊራንስ» አለኝ። ክሊራንስ ማለት ከመንግሥት ጋር እንዳልተቀያየማችሁ የሚመሰክር ወረቀት ነው። የቅቤዬን ግብር ከፍያለሁ፤ ደረሰኙም በመቀነቴ ታስሯል። ስለዚህ ደስ ብሎኝ ወደ ገቢ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ስሕተቴ ከዚህ ይጀምራል። ሰው ለቅሶ ቤት እየሣቀ፣ መሥሪያ ቤትም ደስ ብሎት አይሄድም።

ወረፋው ረጅም ነበር። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ፀሐይ ጀርባዬን ከመታኝ ቆሜ እተኛለሁ። ከወዲያ የነገሥታቱ ግንብ ይታየኛል፣ እርግቦች ይዞሩበታል፤ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ። በሕልሜ ግንቡ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲቀልጥ፣ ለካ ቅቤ ኖሯል! የወረፋው ሰው ሁሉ ቅል ይዞ ከሥሩ ቆሟል፤ እኔም «ለጋ ነው፣ ለጋ ነው» እያልሁ ዋጋ አስማማለሁ። ይህን እያየሁ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ተራዬ ደርሷል።

ቀጭኑ ሰው ጓድ ታምራት ይባላል። ደረሰኜን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ «ሸጋ ነው» አለ። ከዚያ «ሌላ ንብረት አለዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ዘመን ይህን የተጠየቀ ሰው «የለኝም» ይላል። ሕፃን እንኳ «የለኝም» ማለት ተምሮ ነበር። እኔ ግን ገና በደንብ አልነቃሁም፤ ቅቤው በዓይኔ አለ፤ «ቦንድ አለኝ» አልሁት።

ቦንድ ከተማ ገንዘብ ሲያጥረው ከሰው ተበድሮ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ይህን ያህል ተበድሬያለሁ፣ በዚህ ቀን እመልሳለሁ፣ እስከዚያው በየዓመቱ ወለድ እከፍላለሁ ይላል። የእኔው ከተማው ለውኃ ቧንቧ ብሎ ያወጣው ነበር። መጀመሪያ የገዛው የባልንጀራዬ የዘይነባ ባል፣ የአዲስ ዓለም ሰፈሩ ነጋዴ አያ ሙሐመድ ነው። በኋላ «ወለድ አልበላም» አለና ሊሸጠው አወጣው። ወለዱ ዳጎስ ያለ፣ ደግሞም ግብር የማይነካው ነበርና አንድ የጠጅ ቤት ባለቤት ፈለገው። እኔም ፈለግሁት። ሰውየው ጨመረ፣ ጨመርሁ። አያ ሙሐመድ «ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች፣ ዋጋው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል» እያለ ይለምነናል። ማን ሰምቶት! በመጨረሻ ፊቱ ላይ ከተጻፈው በላይ ከፍዬ፣ ጠላቴን እንዳሸነፈ ሰው ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ለመሆኑ የምትታለብ ላም በቆዳዋ ዋጋ ትገዛለች?

«በስንት ገዙት?» አለኝ ጓድ ታምራት። ነገርሁት።

«ወረቀቱ ላይ የተጻፈውስ?» እሱንም ነገርሁት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ ብልጫውን በየዓመቱ አስታውቀዋል?»

«ለማን?»

«ለእኛ ነዋ።»

«እናንተን መች አውቃችኋለሁ ልጄ? ዛሬ ገና መተያየታችን ነው።»

«እማማ፣ ያዳምጡኝ። ቀኑ ሲደርስ ከተማው የሚመልስልዎ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ጨምረው የከፈሉትን አይመልስም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያ ብልጫ የት ገባ?»

«በእልህ ወጣ፣ በዚያው ቀረ።»

«አልቀረም!» አለና ዓይኑ በራ። ሰው የሚወደውን ነገር ሲያወራ ያምራል መቼም። «በየዓመቱ ከሚቀበሉት ወለድ ውስጥ ጥቂቷ ወለድ አይደለችም፤ የራስዎ ብልጫ ናት፣ እየተቆረሰች የምትመለስልዎ። ስለዚህ የቦንዱ ዋጋ በመዝገብ ላይ በየዓመቱ በዚያች ልክ እየቀነሰ ይሄድና፣ በመጨረሻው ቀን ፊቱ ላይ ከተጻፈው ጋር ልክ ይገጥማል። እርስዎ የሚያስታውቁን ያችን የተቆረሰችውን ነው።»

ልጅ ሳለሁ በረዶ ሲጥል ነጫጩን እጨብጥና ለእናቴ ላሳያት እሮጥ ነበር። ስደርስና መዳፌን ስከፍት እርጥበት ብቻ። «እናቴ ሙች፣ አሁን ነበረ!» እላለሁ። ይኸው ደግሞ በስተርጅና፣ በረዶው በየእርምጃው ስንት ስንት እንደሟሟ መጻፍ ነበረብሽ የሚል ሰው መጣ። ነገሩ ደስ አለኝ። ቢሆንም የገበያ ሰው ነኝና ጠየቅሁት።

«ከቅቤዬ ግብር ይቀነስልኛል ማለት ነው?»

«አይቀነስም። ወለዱ ግብር የለበትማ! ግብር ከሌለበት ነገር ምን ይቀነሳል?»

«ታዲያ እጨምራለሁ?»

«አይጨምሩም።»

«አልቀንስ፣ አልጨምር። ምነው ታዲያ መጻፉ?»

ትንሽ አሰበ። «ነገ ቢሸጡት፣ ድሮ በዚህን ያህል ገዝቼው ከሰርሁ እንዳይሉን ነው። ደግሞም…» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «ሥርዓት ነው፣ እማማ።»

ሥርዓት ከተባለ ምን ይደረጋል። ወረቀቱን ያምጡ አለኝ። ወረቀቱ ከሣጥኔ ሥር፣ ከቡልኮው በታች እንደሆነ፣ ሣጥኗን ማንቀሳቀስ ወገቤን እንደሚቆርጠኝ ነገርሁት። አዘነልኝ። «እንግዲያውስ ነገ በሰፈርዎ በኩል አልፋለሁ። ቤትዎ መጥቼ አየዋለሁ፤ እርስዎ አይድከሙ» አለኝ። መርቄው ወጣሁ።

ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ ከእኔ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ምስጢርም እንጋራለን፤ ግድግዳው ጭቃ ነዋ። ያን ቀን ማታ ገብታ «እንዴት ዋልሽ» ስትለኝ፣ ምንም ሳይመስለኝ «ነገ የመንግሥት ሰው መጥቶ ንብረቴን ሊያይ ነው» አልኋት።

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ወይኔ እቴን! ምነው እስከዛሬ ዝም አልሽ?»

«ምን ሆንሁና? ደግ ሰው እኮ ነው።»

«ሲመጡ ሁሉም ደግ ናቸው» አለችና ወጣች።

ማንጠግቦሽ አይፈረድባት። ንብረት መጀመሪያ የሚታይበት፣ ቀጥሎ የሚመዘገብበት፣ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ከበር ቆሞ የሚያይበት ዘመን ነበር። የጎንደር ሰው ደግሞ ጎረቤቱ ላይ አደጋ ሲያንዣብብ ምን እንደሚያደርግ ሳይነጋገር ያውቃል፤ ዕቃውን በአደራ ያሸሻል። አንዱ አልጋ ይወስዳል፣ አንዱ ድስት። ነገሩ ሲያልፍ ድስቱ ታጥቦ ይመለሳል።

በማግሥቱ ገበያ ውዬ እኩለ ቀን ላይ ስመለስ በሬ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። አልጋዬ የለም። መስተዋቴ የለም። ቡልኮዬ፣ ድስቶቼ፣ የቅቤ ቅሎቼ፣ ሣጥኔ፣ የሉም። ድመቴም የለችም። የሌላ ሰው ቤት የገባሁ መስሎኝ «ይቅርታ» ብዬ ወጣሁ። ውጭ ቆሜ በሩን አየሁት። የእኔው በር ነው። ሕልም ይሆን ብዬ ፀሐይዋን ፈለግሁ፤ ጀርባዬን አልመታችኝም፤ ስለዚህ ነቅቻለሁ ማለት ነው። እንደገና ስገባ ማንጠግቦሽ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው መሬት ላይ ጉብ ብላለች።

«አይዞሽ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ሁሉንም አሽሽተነዋል።»

አፌን ሳልከፍት በሩ ተንኳኳ። ጓድ ታምራት ቦርሳውን ይዞ ገባ። «ቤት ለእንግዳ» አልሁት፤ የሚቀመጥበት ግን አልነበረም። እሱም ቦርሳውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወረ ቆመ።

«እማማ፣ ያች ሣጥንዎ…»

«የምን ሣጥን፣ ጌታዬ?» አለች ማንጠግቦሽ ከመሬት። «ይህች ድሃ ከተወለደች ሣጥን አይታ አታውቅም።»

«ትናንት ራሳቸው ነገሩኝ እኮ።»

«ትቃዣለች። አልጋ ስለሌላት ቆማ ነው የምትተኛ።»

እሱም ወረፋ ላይ ቆሜ ስተኛ በዓይኑ አይቷልና፣ ለአፍታ ያመነ መሰለኝ። ወዲያው ግን ድመቴ ከማንጠግቦሽ ጋቢ ሥር ሹልክ ብላ ወጣች፣ ተንጠራራች፣ ሄዳም አልጋዬ ከነበረበት ቦታ፣ የአልጋው እግሮች በሠሯቸው ጉድጓዶች መካከል ተጠቅልላ ተኛች። ጓድ ታምራት ጉድጓዶቹን አየ። ቀና ብሎም ግድግዳው ላይ መስተዋቱ የነበረበትን ንጹሕ ቦታ አየ።

«ግብር ለሌለበት ነገር ቤቱን ባዶ ያደረገ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን አዘነ። «እማማ፣ ወረቀቱን ሳላይ ክሊራንስ መጻፍ አልችልም።»

እሱ እንደወጣ ከደባርቅ የመጣ ሾፌር ደጄ ላይ ቆመ። አንጓች «ወገቤን፣ ወገቤን» እያለች እንደሆነ፣ ዓይኗም መንገድ መንገዱን እንደሚያይ ነገረኝ። ማንጠግቦሽን ያዝኋት። «ሣጥኔን! አሁኑኑ!»

«ዘይነባ ዘንድ ናት። እስላም ቤት የክርስቲያን ሣጥን ማን ይፈልጋል ብዬ ነው።»

ወደ አዲስ ዓለም ወረድሁ፤ ሮጥሁ ብል ውሸት ነው፣ ተንከባለልሁ ይሻላል። ዘይነባ በር ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ስታቅፈኝ ግን ዓይኔን አላየችም።

«ዘይነባ፣ ሣጥኔ?»

«ወላሂ እኔ ዘንድ ብትሆን ደስ ባለኝ! ግን እኛ ነጋዴዎች ነን እቴ፤ ፈተሻ ሲመጣ ከእኛ ነው የሚጀምር። ያንቺን ዕቃ አሳልፌ እሰጣለሁ? ስለዚህ አላህ የማያሳፍር ሐሳብ ሰጠኝ።»

«ምን ሐሳብ?»

«ለልጅሽ ላክኋት። ጨው የጫነ ማኪና ወደ ደባርቅ ሲወጣ፣ ኮሶዬ አንጓች ቤት አውርድ አልሁት።»

ደጃፏ ላይ ተቀመጥሁ። «ኬላውስ? ይለፍ ወረቀት አልጠየቁም?»

«አንቺ ደግሞ!» አለች ዘይነባ፣ «ሣጥን ይለፍ ትጠየቃለች?»

እውነቷን ነው። ሣጥኔ የሄደችው እንደ ልቧ ነው። ጨው ላይ ተቀምጣ፣ ነፋስ እየነፈሳት፣ የወገራን ገብስ እያየች። እኔ የልጄ እናት ሳለሁ ቀረሁ፣ ሣጥኔ ደረሰች።

መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረስሁ። ጓድ ታምራት ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር።

«አገኙዋት?»

«አግኝቻታለሁ። ኮሶዬ ናት።»

«ሄደው ያምጧታ።»

«ይለፍ የለኝም።»

«ይለፍ ያውጡ።»

«ክሊራንስ የለኝም።»

«ክሊራንስ ለመስጠትማ…» ብሎ ጀመረና አፉ እንደተከፈተ ቀረ። መነጽሩን አወለቀ። ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ አለቀሰ ብዬ ደነገጥሁ። እየሣቀ ኖሯል። እኔ ግን አልሣቅሁም።

«ልጄ፣ ልጄ ምጥ ላይ ናት» አልሁት። «የመጀመሪያዋ ነው።»

ሣቁ ቆመ። ንጹሕ ወረቀት ሳበና ጻፈ፦ እኒህ እናት ለመንግሥት ሥራ የሚፈለግ ሰነድ ለማምጣት ወደ ኮሶዬ ስለሚሄዱ በየደረሱበት ትብብር ይደረግላቸው። ማኅተሙን ረገጠበት። «ቶሎ ይመለሱ፣ እማማ። እኔም አለቃ አለብኝ» አለኝ።

ያች ወረቀት ጉድ ሠራች። ሊቀ መንበሩ ከወንበሩ ተነሥቶ «ጓድ» ብሎ ጠራኝ። በማግሥቱ ጠዋት ኬላ ላይ ጠብመንጃ የያዘው ልጅ አንድ ወፍራም ነጋዴ ከጋቢና አስወርዶ እኔን አስቀመጠኝ። ለመንግሥት ሥራ የሄድሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ደመወዝ አልከፈሉኝም እንጂ በክብር ነው የሄድሁ።

መንገዱ ሽቅብ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ ዛፉን ይውጣል፣ በጉን ይውጣል፣ ደግሞ መልሶ ይተፋል። ሾፌሩ ዝም ያለ ሰው ነበር። ራሴን መስተዋቱ ላይ አስደግፌ አሰብሁ። ጨብጠነው የነበረው ነገር ሁሉ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተቆረሰ ይሄዳል። እናቴ እንዲህ ሄደች፤ መልኳ መጀመሪያ፣ ከዚያ ድምፅዋ። የበኩር ልጄም ሐዘን ቀንሷል፤ መቼ እንደቀነሰ ግን አላውቅም። የቀነሰ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ደግሞ እንደ አዲስ ሙሉውን አገኘዋለሁ። ስንት ቀነሰልሽ፣ ስንት ቀረሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የዚያ ቀጭን ሰው ጥያቄ ያላስከፋኝ። እንዲህ እያልሁ ጉሙ ውስጥ እኔም እየተዋጥሁ፣ እየተተፋሁ፣ ሾፌሩ «ኮሶዬ ነው፣ እናቴ» አለኝ።

ከመንገድ ዳር ሆኜ ሰማሁት። ሴቶች በኅብረት «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ። ነጠላዬ ከትከሻዬ ወድቆ ቀረ፣ አላነሣሁትም።

አንጓች በጉልበቷ ተንበርክካለች፤ በሁለት እጇ አንቃ የያዘችው ደግሞ ሌላ አይደለም፣ የእኔን ሣጥን ነው። ቀና ብላ አየችኝና መንፈስ እንዳየ ሰው አፍጥጣ ቀረች።

«እማዬ… አልሞትሽም?»

«ምነው ልጄ፣ ለምን እሞታለሁ?»

«ሣጥንሽ መጣች! አንቺ የለሽ፣ ቃል የላክሽው የለ፣ ሣጥንሽ ብቻዋን መጣች! ሾፌሩ አውርዶልኝ ሄደ። መርዶ ነው አልሁ…» ማልቀሱና ምጡ ተደባለቀባት።

የሰው ዕቃ ያለ ባለቤቱ ከመጣ በእኛ አገር ሌላ ትርጉም የለውም። ዘይነባ ከመንግሥት ስታድነኝ ለልጄ ገድላኝ ኖሯል። አንጓች ሌሊቱን ሁሉ ሣጥኗን አቅፋ ስታለቅስ አድራ፣ ድንጋጤው ምጡን አፋጥኖታል። ከኋላዋ ተቀመጥሁ፣ ደረቴን ለጀርባዋ ሰጠሁ፣ ሣጥኗን በእግሬ ገፍቼ «ይህችን ልቀቂ፤ እኔን ያዢ» አልኋት። ያዘችኝ። የጥፍሯ ምልክት ክንዴ ላይ ዓመት ቆይቷል። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ ቤቱን እንደሞላ አስታውሳለሁ፤ እውነት ይሁን ሕልም ግን አልምልም። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፣ ቀጭን፣ የተቆጣ። ከዚያ ሴቶቹ እልል አሉ።

ከአራስ ጥሎ የሚሄድ እናት የለም። ገንፎው አለ፣ እጥበቱ አለ፣ ሕፃኗን እያዩ መዋሉ አለ። ጓድ ታምራትን ረስቼው ነበር ብል አይፈረድብኝ። ትዝ ያለኝ ለሕፃኗ ለስላሳ ጨርቅ ፍለጋ ሣጥኔን ስከፍት፣ ቦንዱ ከቡልኮው ሥር ወጥቶ እግሬ ላይ ሲወድቅ ነው።

ጎንደር ስመለስ እሱ የበለጠ ቀጥኖ ጠበቀኝ። አለቃው በየቀኑ ስለ እኔ ይጠይቁት ኖሯል። አልተቆጣኝም፤ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ዘርግቶ አየው፣ ደስ አለው። ከዚያ ሲጽፍ ዋለ። ከገዛሁበት ዓመት ጀምሮ የእያንዳንዱን ዓመት ቁራሽ ለብቻው አወጣ፤ የቀረውን ከሥሩ ጻፈ፣ ደግሞ ከዚያ ላይ ቀነሰ። በመሠረተ ትምህርት ቁጥር ለይቻለሁና ብልጫዬ ከመስመር መስመር ስታንስ ቁጭ ብዬ አየኋት። በመጨረሻ ከቅጹ ግርጌ ደርሶ ቆመ።

«የዘገዩበት ምክንያት ይላል። ምን ልበል?»

«ሴት ልጅ በል።»

«እንዲህ ተብሎ አይጻፍም፣ እማማ። ሕመም፣ ወይ የመንገድ ችግር ነው የሚባል።»

«ምነው ልጄ» አልሁት፣ «የቀነሰውን ሁሉ ስትጽፍ ዋልህ። የተጨመረውንስ አትጽፍም?»

የአለቃውን በር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጎንበስ አለና በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ «ሴት ልጅ ተወለደች» ብሎ ጻፈ።

«ስሟስ?»

«ገና ናት። ክርስትና አልተነሣችም።»

እስክሪብቶውን ቀና አድርጎ አሰበ፤ ከጽሑፉም ቀጥሎ አንዲት ቃል የምትበቃበት ቦታ ተወላትና፣ ማኅተሙን ከዚያ ራቅ አድርጎ አሳረፈው።